መድኃኒት ያለው ሣር

«እትዬ! ያ ሣር መድኃኒት አለ…!»

አትክልተኛው ይህን የጮኸው የሣር ማጨጃውን ማሽን እየገፋ ነበር። ማሽኑ እንደ አሮጌ ሞተር ሳይክል እየተንገጫገጨ የንግግሩን ጅራት ዋጠው። በአጥሩ ጥግ ውሻ ይዛ የቆመችው ሴት የተረፈውን ሰማች፤ የጎደለውንም ሥራዋ ምግብ ማብሰል ነውና ከራሷ ጨመረችበት።

«መድኃኒት አለው?» አለች።

አትክልተኛው ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ እንጂ ድምጿን አልሰማም። ራሱን በኃይል ነቀነቀ። እሷም በኃይል ነቀነቀች። እሱ «ሂዱ፣ ራቁ» ለማለት እጁን አወናጨፈ፤ እሷ «ደህና ይዋሉ» ያላት መስሏት እጇን አውለበለበችለት። ሥራ ረፍዶባት ስለነበር ውሻውን ጎትታ ወደ ቤት ገባች። አትክልተኛውም «ገባት» ብሎ ማሽኑን ወደ ሌላው ጥግ አዞረ። ሁለት ሰዎች እንደዚያ ቀን በደንብ የተግባቡ መስሏቸው አያውቅም።

ሴትዮዋ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ዋና ምግብ አብሳይ ናት። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሠራተኛው ሁሉ «ቅመሱልኝ» ይላታል። በድስቷ አጠገብ የሚያልፍ ሰው፣ ነርስም ይሁን የቧንቧ ሠራተኛ፣ አንድ ማንኪያ ሳይቀምስ አያመልጣትም። «እስቲ ቅመሱልኝ» ትልና ዓይኗን ከቀማሹ ፊት ላይ ትተክላለች። ፊቱ ከፈካ የእሷም ቀን ይፈካል። ቅንድቡ ትንሽ ከተሰበሰበ ግን ድስቱ እስኪስተካከል ድረስ በማብሰያ ክፍሉ ውስጥ ማንም በወጉ አይተነፍስም። ጨው በተከለከሉ በሽተኞች ፊት ላይ እንኳ ፈገግታ ያመጣች ሴት ናት እየተባለ ይወራላታል፤ ወሬው ወደ ጆሮዋ ሲደርስም ደስ አይላትም ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ሣር የሚበላ ውሻ የገባው እንዲህ ካለች ሴት ቤት ነው።

ውሻው የእሷ አይደለም፤ የአደራ ነው። ታናሽ ወንድሟ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሲወርድ አንዴ እንኳ ተንሸራትቶ የማያውቀው ሰው፣ የገዛ ቤቱን መጋረጃ ሊሰቅል በርጩማ ላይ ወጣና ወድቆ ጭኑን ሰበረ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ሻለቃ ነው። ሻለቃ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንድ ጆሮው የወደቀ ቡናማ ውሻ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ደረቱን ነፍቶ ስለሚራመድ ነው። ወንድምየው በቃሬዛ ሲወጣ የእህቱን እጅ ጨብጦ የተናገረው ስለ ጭኑ አልነበረም።

«እታለም፣ ሻለቃን አደራ። እኔን ተዪኝ፣ እኔን ሐኪም ያየኛል። እሱን አደራ።»

ቅመሱልኝ «ውሻ ከደጅ እንጂ ከቤት አይገባም» ብላ የኖረች ናት። ነገር ግን አደራ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? «አታስብ፣» አለችው፤ «እንደሰጠኸኝ ትረከበዋለህ።»

በማግሥቱ ጠዋት ሻለቃን ይዛ ወደምትኖርበት ሕንፃ ግቢ ወጣች። ውሻው አሸተተ፣ ዞረ፣ አንዱን ጥግ መረጠ፤ ከዚያም አንገቱን አቀርቅሮ ሣሩን ይግጥ ጀመር። አፈፍ አድርጎ መተው አይደለም፤ እያላመጠ፣ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ። ከላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ በረንዳ፣ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤቷ ጠራቻት።

«እንዴ ጎረቤት! በግ ስትገዢ አትነግሪንም?»

«ውሻ ነው!»

«አይ፣ እኔ እንኳ ሣር ላይ ተሰማርቶ ሳየው… ምነው፣ ቤት ውስጥ የሚቀመስ ጠፋ እንዴ?»

ቅመሱልኝ ይህቺን ነገር ልትውጣት ሞከረች፤ አልወረደችላትም። ለስንት በሽተኛ የምታበስል ሴት፣ የአደራ ውሻ አስርባ ሣር አስጋጠች ተብሎ በየፎቁ ሊወራባት ነው! ያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ ጉበት ገዛች። ጉበቱን ቀቀለች፣ ካሮት ከተፈችበት፣ ሩዙን በአጥንት መረቅ አበሰለችው። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ መሆኑን ወንድሟ አስጠንቅቋት ስለነበር በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሽንኩርት ማብሰልን ተማረች። ሰሃኑን አቅርባ፣ ልማድ ሆኖባት፣ «እስቲ ቅመስልኝ» አለችው።

ሻለቃ ቀመሰላት ብቻ ሳይሆን ሰሃኑን ልሶ፣ ወለሉን ልሶ፣ እጇን ልሶ ሲያበቃ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ ሽቅብ ያያት ጀመር። እንዲህ ያለ ቀማሽ ገጥሟት አያውቅም። ጨመረችለት። በማግሥቱም ጨመረችለት። ጠዋት ጠዋት ግን ሻለቃ ያችኑ ጥግ ፈልጎ አንገቱን ያቀረቅራል። እንዲያውም አንድ ጠዋት የጋጠውን ሣር ከነአረፋው መልሶ መግቢያው ላይ አወጣው። በረንዳው ላይ ያለችው ጎረቤት ይህንንም አየች።

ከሥራ ስትወጣ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ወንድሟ ወደተኛበት ክፍል ጎራ ትላለች።

«ሻለቃ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ይበላል?»

«ምኑ ይወራል!»

ውሸት አይደለም፤ ይበላል። ምን እንደሚበላ አልጠየቃትም። ከክፍሉ ስትወጣ ግን ሐሳብ ይይዛታል። ውሻው ውስጡ የታመመ ቢሆንስ? ወንድሟ በክራንች ተደግፎ ሲመጣ «ሻለቃስ?» ቢላት ምን ልትለው ነው?

እንግዲህ አትክልተኛው ከማሽኑ ጀርባ የጮኸላት በዚህ ጭንቀት መሃል ነው። «መድኃኒት አለው!» ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ በአንድ ጊዜ ወረደላት። ለካ ውሻው ርቦት አይደለም፤ ራሱን እያከመ ነው! ስለ ሣር የአትክልት ሰው ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? ቅመሱልኝ ደግሞ ጥሩ ነገር ካገኘች በወጉ ሳታቀርበው አታድርም። የወጥ ቤት መቀስ ይዛ ወጣች፣ ሻለቃ ከሚወደው ጥግ ለጋ ለጋውን ቆረጠች፣ አጠበች፣ አድቅቃ ከትፋ ጉበቱ ላይ ነሰነሰችው። ራሷ ያልቀመሰችውን ለማንም አቅርባ ስለማታውቅም በማንኪያ ቀመሰችው።

«ጨው ያንሰዋል» አለች ለራሷ። ለሻለቃ ጨው አይሆንም ብላ ግን ተወችው።

እንዲህ እያለች ጥቂት ቀን ሰነበተች። ከዚያ አንድ ጠዋት አትክልተኛው ያለ ማሽኑ፣ በእጁ የውሃ ጎማ ብቻ ይዞ መጣ። ሴትዮዋን በአጥሩ ጥግ ተንበርክካ፣ መቀስ በአንድ እጅ ጎድጓዳ ሳህን በሌላው ይዛ አገኛት። ሻለቃ አጠገቧ ቆሞ ሥራውን ይቆጣጠራል።

«እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም አልጠፋብኝ። የሻለቃን ምሳ እየቆረጥኩ ነው።»

«ምሳውን? ሣሩን?»

«ሣሩን ነዋ! አንተው አይደለህ እንዴ መድኃኒት አለው ያልከኝ? እግዜር ይስጥህ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ…»

ጎማው ከእጁ ወደቀና እግሩን አራሰው። «አለው? እትዬ፣ አለበት ነው ያልኩት! መድኃኒት አለበት! ረጭቼበታለሁ! ለነፍሳት ነው!»

«የማንን ነፍስ?» ጮኸች።

«የጉንዳን፣ የትል! የነፍሳት መድኃኒት ነው!»

ሳህኑ ተገለበጠ። ሻለቃ ከፈሰሰው ሊያነሳ ሲል ቅመሱልኝ አንገቱን አንቃ ያዘችው። ውሻው ጅራቱን ይቆላል፣ ዓይኑ ያበራል፣ ምንም የሆነ አይመስልም። እሷ ግን በዓይነ ሕሊናዋ የወንድሟን አልጋ አየች፤ ከአልጋው አጠገብ ደግሞ ባዶ እጇን የቆመች ራሷን።

«እንዳይራመድ!» አለች። «ከተራመደ መርዙ በሰውነቱ ይሰራጫል። ጋሪህን አምጣ!»

የእንስሳት ክሊኒኩ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ነው፤ ሩቅ አይደለም። አትክልተኛው ባለ አንድ ጎማውን የአፈር ጋሪ አመጣ፣ ጆንያ አነጠፈበት፣ ሻለቃን አቅፎ አስቀመጠው። ሻለቃ እንዲህ ያለ ክብር ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። አትክልተኛው ይገፋል፣ ቅመሱልኝ ከነሽርጧ በጎን ትሮጣለች፤ ሁለቱም እየሮጡ ይከራከራሉ።

«አለው ነው ያልከው!»

«አለበት!»

«በጆሮዬ ሰምቼ!»

«የሰሙት ማሽኑን ነው!»

«ታዲያ ማሽኑን አጥፍተህ አትናገርም? ነፍስ ሊጠፋ ማሽን አይጠፋም?»

«እጄን አወናጨፍኩልዎት አይደል!»

«ሰላም ያልከኝ መስሎኝ!»

«ሰላም እንዲህ ይባላል?» ብሎ ሊያሳያት እጁን ቢያነሳ ጋሪው ወደ ጎን ዘመም አለ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የተሰለፉት ሰዎች ዞረው አዩ። የትራፊክ ፖሊሱም የነገሩን ክብደት ከሻለቃ አቀማመጥ ገምቶ ነው መሰል፣ እጁን ዘርግቶ መኪኖቹን አቆመና አሳለፋቸው።

መንገዱን ሲሻገሩ ቅመሱልኝ ድምጿ ቀነሰ። «አንተ ልጅ… ሰው ላይስ ምን ያደርጋል?»

«ምኑ?»

«መድኃኒቱ።»

«ሰው ሣር አይበላ፣ ምን ያደርገዋል?»

«ቀምሼዋለሁ።»

አትክልተኛው ጋሪውን አቆመ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ውሻውን አየ። «እትዬ፣» አለ፤ «ጠጋ ይበልልዎትና እርስዎም ይውጡ።»

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሻለቃንም ከቡችላነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሁለቱ ሰዎች እኩል ሲናገሩ በትዕግሥት ሰማች፤ ከሁለቱ መሃል ምንም እንደማይገኝ ስታውቅ ወደ ውሻው ዞረች። ድዱን ገልጣ አየች፣ ዓይኑን በባትሪ አየች፣ ሆዱን ጫን ጫን አደረገች።

«ለሃጭ ያዝረከርካል?»

«ጉበት ሲያይ» አለች ቅመሱልኝ።

«ከዚያ ውጭ? ይንቀጠቀጣል? ሲራመድ ይወላገዳል? ያስመልሰዋል?»

«አንድ ጊዜ አስመልሶታል። እሱም ከመረጨቱ በፊት ነው።»

ሐኪሟ ወደ አትክልተኛው ዞረች። «የረጩት ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው ዶክተር።»

«የምን መድኃኒት?»

«ኃይለኛ ነው።»

«ስሙን ማለቴ ነው።»

አትክልተኛው አሰበ። «ጠርሙሱ አረንጓዴ ነው» አለ።

የሕንፃው ዘበኛ ጋ ተደወለ፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ተቀመጠ። ዘበኛው ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ሄዶ ጠርሙሱን እስኪያነሳ ድረስ በስልኩ ውስጥ የሚሰማው የባልዲ ኳኳታ ነበር።

«አገኘሁት!»

«ውስጡ ምን አለው?» አለች ሐኪሟ።

«ምንም የለውም፣ ባዶ ነው። አልቋል።»

«አይ፣ ጽሑፉ ላይ… ከምን እንደተሠራ የሚለውን ያንብቡልኝ።»

«እሺ። ‹ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ።›»

«ከእሱ ከፍ ብሎ።»

«ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው ደቃቅ ነው። መነጽሬን ላምጣ።»

መነጽሩ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ። ቅመሱልኝ የሻለቃን የወደቀ ጆሮ በጣቶቿ ይዛ ታሻሸዋለች። ለዚህ ውሻ፣ አደራ እስኪሆንባት ድረስ፣ ከደጅ በቀር ቦታ ሰጥታው አታውቅም፤ አሁን ግን ጆሮው ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ እያወቀች ነው። ሻለቃ አንድ ነገር ቢሆን ወንድሟ «አይዞሽ» እንደሚላት ታውቃለች፤ የምትፈራው ያን «አይዞሽ» ነው። ሻለቃ ራሱን ጭኗ ላይ ጣለላት። አትክልተኛው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያጣምመዋል።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለ ስልኩ። «ፖ… ታ… ሲየም… የቅባት አሲድ… ጨው ይላል። ከሥሩ ደግሞ በትልቁ… ምን ይላል እሱ… ‹ነፍሳት ማጥፊያ ሳሙና›።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «ሳሙና ነው?»

«ሳሙና?» አለ አትክልተኛው፣ እንደተሰደበ ሰው። «ሻጩ እኮ ኃይለኛ ነው ብሎ ነው የሰጠኝ!»

«ለጉንዳን ኃይለኛ ነው። ለውሻ ግን፣ ያውም ደርቆ፣ ያውም ታጥቦ…» ወደ ቅመሱልኝ ዞረች፤ «ያጥቡት ነበር አይደል?»

«ያልታጠበ አላቀርብም!»

«እንግዲያው ቢበዛ ሆዱን ትንሽ ያውከው ነበር፤ እሱም አልሆነም። ግን ልብ በሉ፤ ዕድለኛ ሆናችሁ ነው። ሌላ ዓይነት ጠርሙስ ቢሆን ኖሮ አሁን እንዲህ ተረጋግተን አናወራም ነበር። ሁለተኛ ሲረጩ ምልክት ያቁሙ፣ እርስዎም ከተረጨ ቦታ ያርቁት። የረጩትንም ነገር ስሙን ይወቁ።»

«እኔስ?» አለች ቅመሱልኝ ቀስ ብላ።

«እርስዎ ምን?»

«ቀምሻለሁ።»

«ሣሩን?»

«በማንኪያ ብቻ ነው።»

ሐኪሟ ለመሳቅ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። «እኔ የማክመው ባለ አራት እግሩን ነው፤» አለች ስትመለስ፤ «ግን የሚያሰጋ አይመስለኝም። ሆድዎን ካመመዎት ሆስፒታሉ የሚሠሩበት ነው።»

ቅመሱልኝ ትንፋሿን ሰበሰበች። አሁን የቀራት ያው የከነከናት ጥያቄ ነው። «ታዲያ ዶክተር፣ መድኃኒት ካልሆነ ለምንድን ነው ሣር የሚበላው? ርቦት ነው? ምግቤ አልጣፈጠውም?»

«በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም» አለች ሐኪሟ። «አብዛኞቹ ውሾች ሣር ይበላሉ። ብዙ ሰው ‹ታመው ነው፣ ለማስመለስ ነው› ይላል፤ ግን አብዛኞቹ ከመብላታቸው በፊት ደህና ናቸው፤ በልተው የሚያስመልሳቸውም ጥቂቶቹን ነው። ተኩላዎችም ይበላሉ፤ ምናልባት ከድሮ ዘመዶቻቸው የወረሱት ልማድ ይሆናል። አንዳንዱ ስልችት ብሎት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ስለሚጣፍጠው።»

«ሣር? ከጉበቴ እኩል?»

«ሣሩ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ አይጎዳውም። ድንገት እንደ እብድ መጋጥ ከጀመረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ምግብ እንቢ ካለ ያምጡት። አሁን ግን እስቲ እዚህ ላይ ይውጣ።»

ሻለቃ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሐኪሟ አየች፤ ጎንበስ ብላ ደግማ አየች። ከዚያ የጎድን አጥንቱን በእጇ ፈለገች፣ ፈለገች፣ በመጨረሻ አንዱን አገኘች።

«እውነቱን ልንገርዎት? የጎዳውስ ሣሩ አይደለም፤ ምግብዎ ነው።»

«ምግቤ!»

«ወፍሯል። በዚህ ከቀጠለ ጉልበቱን ይታመማል። ምን ይሰጡታል?»

ቅመሱልኝ ቆጠረችላት፦ ጉበቱን፣ ሩዙን፣ መረቁን፣ ካሮቱን፣ ተጨማሪውን፣ የተጨማሪውን ተጨማሪ። ስትጨርስ አትክልተኛው «እኔንም አደራ የሚሰጠኝ ሰው ባገኘሁ» ብሎ ተነፈሰ።

«ይቀንሱለት። በቀን ሁለቴ ያዙሩት፣ በእግሩ። ጋሪው ይቅር» አለች ሐኪሟ።

ቅመሱልኝ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ ነገሩ ሲገባት ጉንጯ ሞቀ፤ ውሻው የወፈረው ስለጣፈጠው ነው! መቆጣቱን ተወችው።

ሲመለሱ ሻለቃ በእግሩ ሄደ። አትክልተኛው ባዶውን ጋሪ እየገፋ «ይቅርታ እትዬ፣ ማሽኑን ማጥፋት ነበረብኝ» አላት። እሷም «ተወው፣ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ» አለችው። ከዚያ በላይ ሁለቱም ስለ ጉዳዩ አላነሱም።

ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ ወደ ወንድሟ ክፍል ሄደች። ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከጎረቤቷ ነገር ጀምራ እስከ ሚዛኑ ድረስ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ፊቱን የቀማሽ ፊት እንደምታይ አየችው፤ ምንም አልተነበበላትም።

«ከብዷል ነው የምትዪኝ?» አለ በመጨረሻ።

«ሆዱ ትንሽ… አዎ።»

«አንቺም ሣር ቀመስሽ?»

«በማንኪያ ነው አልኩህ!»

ሳቁ ሲያመልጠው ጭኑን በሁለት እጁ ያዘ። «ኧረ እታለም፣ አታስቂኝ፣ አሞኛል! እሱ እኮ ከቡችላነቱ ጀምሮ ሣር ይግጣል!»

«አንተ! የተሰበረው ጭንህ ነው እንጂ ምላስህ ደህና ነበረ፤ ምን ነበረበት ብትነግረኝ?»

«ስለ ሽንኩርቱ ነገርኩሽ። ስለ ሣሩ ምን እላለሁ፣ ማንስ ይጠይቃል ብዬ!» ሳቁ በረድ ሲልለት እጇን ያዘ። «ጋሪ ላይ ጭነሽው ሮጥሽ?»

«ሌላ ምን ላድርግ?»

«እንግዲያው ስወጣ መጀመሪያ ወደ አንቺ ቤት ነው የምመጣው» አለ።

ወንድሟ በሚቀጥለው ሳምንት በክራንች ተደግፎ ከሆስፒታል ወጣ። የእሱ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃ መውጣት ስለማይችል ጭኑ እስኪጠና ድረስ ምድር ቤት ባለው በእሷ ቤት ከረመ፤ ሻለቃም አብሮት። ጠዋት ከሥራ በፊት ውሻውን የምታዞረው ቅመሱልኝ ናት፤ ማታ ደግሞ ወንድሟ በክራንቹ እየተከተለ ሁለቱ አብረው ያዞሩታል።